ለአባቴ ጽዋ የተጋገሩት ዳቦዎች

ታቹ ከስሎ ላዩ ሊጥ የቀረ ዳቦ የራሱ ሽታ አለው። ግማሹ የአመድ፣ ግማሹ የእርሾ ነው፤ አንዴ ግድግዳ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጎረቤታችን «ኦቨኑ እምቢ አለኝ» ብላ አስጠራችኝና የማድ ቤቷን ደፍ ስረግጥ ያ ሽታ ተቀበለኝ። የመሣሪያ ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና አልነበርኩም። አሁን አሁን በትንሹም በትልቁም ይደክመኛል፤ ሰው በሙያው ሲያረጅ ከእጁ ይልቅ ልቡ ነው መሰለኝ ቀድሞ የሚዝለው።

ስለዚያ ሽታ ልንገርህ። ብዙ ጊዜ አላወራውም፤ የሚያኮራኝ ነገር ስላልሆነ ነው።

አባቴ የሆስፒታል ጥገና ሠራተኛ ነበር። ትውልዱ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው፤ በልጅነቱ ጎንደር ገብቶ ሙያ ተማረና ዕድሜውን ሙሉ የአልጋ ጎማ፣ የመርፌ መቀቀያ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የማይዘጋ በር፣ የማይከፈት መስኮት ሲጠግን ኖረ። ማታ ማታ በሚኒባስ ወደ አዘዞ ሲመለስ ልብሱ ቅባትና መድኃኒት ይሸት ነበር። ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የነበረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ማድ ቤቱ ከጀርባ ተቀጥሎ የተሠራ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያለችው ጠባብ ክፍል ነበር።

እናቴ አስም ነበረባት። የማገዶ ጭስ ጠላቷ ነው። ዳቦ በጋገረች ቁጥር ለሁለት ለሦስት ቀን ደረቷ ሲያፏጭ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማ ነበር፤ እኔ ልጅ ሆኜ የሰው ደረት ሁሉ እንደዚያ የሚያፏጭ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ቀን ባለ አራት ምድጃ የኤሌክትሪክ ስቶቭ፣ ከሥሩ ኦቨን ያለው፣ በጋሪ አስጭኖ መጣ። አገራቸው የተመለሱ የውጭ ሐኪሞች ትተውት የሄዱት ነው። ነጭ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተላልጦ ነበር፤ አንዱ ማዞሪያው ጠፍቶ በእንጨት ተተክቷል። ሰፈርተኛው ዙሪያውን ቆሞ አየው። አባቴ እጁን ስቶቩ ላይ አድርጎ እናቴን «ከእንግዲህ ጭስ የለም» አላት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ዳቦ ልትጋግር ኦቨኑን ባበራች ቁጥር አባቴ ማድ ቤት ይገባል። ዝቅ ያለች በርጩማ ነበረችው። እሷን ከኦቨኑ ፊት ያኖርና ጋቢውን አራት አጥፎ ጀርባውን የኦቨኑ በር ላይ ያስደግፋል። «ወገቤን ሙቀት ይሻለዋል» ነበር ምክንያቱ። ዳቦው እስኪበስል ከዚያ ንቅንቅ አይልም። እጁ ሥራ መፍታት ስለማይወድ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፣ ምስር ይለቅማል፤ አፉ ደግሞ የሆስፒታሉን ወሬ ይተርካል። ከሳሎን ሆኜ የቤት ሥራዬን ስሠራ የሁለቱ ድምፅ ይደርሰኝ ነበር፤ የእሱ ወፍራም፣ የእሷ ቀጭን። ቃሉ አይለይም፤ ጉርምርምታው ብቻ ነው የሚሰማው። መሐል መሐል እናቴ ትቆጣለች፦ «ተነስ እንጂ፣ መንገድ ዘጋህብኝ!» እሱ ይስቃል። አይነሳም።

ይህ ለእኔ ውርደት ነበር። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ማጀት ምን አለው? የሰፈር ሰዎች «የማጀቱ ሹም» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ እሱ ሲሰማ «ሹመቱስ ይሁን፣ ደሞዙ የታለ?» ይላቸዋል። እኔ ግን እንደ እሱ መሳቅ አልቻልኩም። ጓደኞቼ አባቴን ሽንኩርት ሲልጥ ካዩት በኋላ ለወር ያህል ትምህርት ቤት ሲያዩኝ በጣታቸው የመላጥ ምልክት ያሳዩኝ ነበር። ዳቦ በሚጋገርበት ቀን ጓደኛ ወደ ቤት ማምጣት ተውኩ። አንድ ቅዳሜ እንግዳ ሲመጣ አይቼ ሮጥኩና «አባዬ፣ ሰው እየመጣ ነው፤ ውጣ እንጂ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። «ወገቤን አሞኛል ልጄ» አለና ሽንኩርቱን መላጡን ቀጠለ። ያን አስተያየቱን ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም፤ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁትም።

ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ሳለሁ አባቴ ሞተ። ሕመሙ አጭር ነበር፤ ገና ጡረታ እንኳ አልወጣም። እኔ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ወረቀቴን ይዤ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ሥራ የለም። ጠዋት ተነስቼ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይቼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ አያልቅም። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ኦቨኑን አላበራችውም። ሻይ በላይኛው ምድጃ ታፈላለች፤ ዳቦ ከሱቅ እንገዛለን።

አባቴ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ነበረው። በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን ከአባላቱ የአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ባለተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ከዚያ ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ባለተራ ይተላለፋል። አባል ሲሞት ልጁ በእግሩ መተካት ይችላል። በዚያ ማኅበር ደግሞ አንድ ልማድ ነበር፤ ልጅ ሲተካ ስም ሲጠራ የሚጠራው የአባትየው ስም ነው። ልጁ ይነሳና «አለሁ» ይላል። ብቻ ተተኪው የሟቹ ተራ ሲደርስ ዝክሩን ከዚያው ከሟቹ ቤት ማውጣት አለበት፤ ዳቦውም ቤት የተጋገረ እንጂ የሱቅ አይሆንም። ካልሆነለት ጽዋው ለሌላ ይሰጣል።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ተራችን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጣና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «ልጄ» አለኝ፣ «እኔ ያባትህን ስም ከመዝገብ መሰረዝ ሞት ነው የሚሆንብኝ። ግን ደጅ የሚጠና ሰው አለ፣ ሕግም ሕግ ነው። ዳቦው ብቻ ከዚህ ቤት ይውጣ፤ ለሌላው እኔ አለሁ።» እናቴ ከበሩ ሥር ቆማ ነበር የምትሰማው። እሱ ሲሄድ «በወር አንድ ቀን ስሙ ሲጠራ ልስማ እንጂ ሌላ ምን ቀረኝ» አለች። እኔን አልነበረም የምታናግረው።

ስለዚህ ኦቨኑ እንደገና በራ። የመጀመሪያውን ዳቦ ለሙከራ ጋገረች። ኮባ አንጥፋ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨምራ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ያማረ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያ የነገርኩህ ሽታ መጣ። ስናወጣው ታቹ ከሰል ሆኗል፤ ላዩ የገረጣ፣ ቢላ ሲገባበት ሊጥ ይዞ የሚወጣ። በተለይ ወደ በሩ የዞረው ጫፍ ጭራሹን አልበሰለም። እናቴ ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ አየችውና ለጎረቤት ውሻ ወሰደችው።

እኔ ግን ነቃሁ። ከስንት ወር በኋላ የምሠራው ነገር አገኘሁ። ዲግሪ ይዤ ዳቦ ሊያሸንፈኝ ነው? መጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራቱን ነበር። በእኛ ሰፈር ማታ ማታ ሁሉም ምድጃውን ሲያበራ ኃይል ይወርዳል፤ አምፖል እንደ ኩራዝ ይሆናል። ቴስተር ተውሼ ለካሁ፤ እውነትም ይወርዳል። «ጠዋት ይጋገር» አልኩ በእርግጠኝነት። ሁለተኛው ዳቦ ጠዋት፣ ሰፈሩ ገና ሳይነሳ ተጋገረ። ታቹ የባሰ ከሰለ። ኃይሉ ሙሉ ስለነበረ ማቃጠሉንም በሙሉ ኃይሉ አቃጠለው።

ከዚያ በኋላ ስቶቩን ፈታሁት። የላይኛውን ማሞቂያ ሽቦ አውጥቼ መረመርኩ፤ ዝጎ ነበርና በሌላ ቀየርኩት። የሙቀት መቆጣጠሪያውን አጸዳሁ። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ስለመሰለኝ ከአንዱ እግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባሁ። የኦቨኑን በርም ሳላየው አልቀረሁም፤ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ገጠመ። ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር ሳታጠፋና ሳይቀዘቅዝ አትንካ ተብዬ ስለተማርኩ የመረመርኩት ሁሉ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ ነው። እናቴ በሬ ሲታረድ እንደሚያይ ሰው ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስፈታታው ታየኛለች። «አባትህ እንዲህ በታትኖት አያውቅም» አለች አንድ ጊዜ። ተናደድኩ። «እሱ በዲግሪ አልተማረማ!» አልኳት። አፌን ቁርጥ ያርገው፣ እንዲያ አልኳት።

ሦስተኛው ዳቦ እንደ ሁለቱ ሆነ። ጎንደር ከተማ፣ አራዳ ከሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ ለምኜ አመጣሁት። መጥቶ አየ፤ ማዞሪያዎቹን አዟዟረ፤ ጣቱን ታጠበና «ይሄ ዕድሜውን የጨረሰ ዕቃ ነው፤ አዲስ ግዙ» ብሎ ሄደ። ሥራ የሌለው ልጅና የሟች ሚስት አዲስ ስቶቭ ከየት እንደሚያመጡ ግን አልነገረንም። ያን ቀን ማድ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጬ ብሎኖቹን መዳፌ ላይ አየኋቸው። ደከመኝ። የሥራ ድካም አልነበረም፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ተጠራቅሞ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

እናቴ በዚያው ቀን ሦስት ድንጋይ ጓሮ አስቀመጠች። ማገዶም አስመጣች። «በእንጨት እጋግራለሁ» አለች። ሐኪም ከጭስ ራቂ እንዳላት አስታወስኳት። «አውቃለሁ» አለች፤ «ለእሱ ሁለት ሦስት ቀን ማፏጨት ይበዛብኛል?» ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት እንኳ በቃጠሎው ጭስ ምክንያት ማሳል ጀምራ ነበር። አንድ ሙከራ ብቻ እንድትፈቅድልኝ ለመንኳት። የዋዜማው ቀን፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጠዋት ኦቨኑን እንሞክር፤ እምቢ ካለ ከሰዓት በኋላ በእንጨት ትጋግር። እሺ አለች። እሺታዋ ግን ለእኔ ብላ እንጂ ኦቨኑን አምና አልነበረም።

በዋዜማው ጠዋት አክስቴ ከአምባ ጊዮርጊስ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እሱን «አያ» ነበር የምትለው፤ ድምፀ ጎርናና፣ ገላዋ ሞላ ያለ፣ የገባችበትን ቤት የምትሞላ ሴት። ዝክሩን ልታግዝ ነው የመጣችው። ደፉን ሳትሻገር አፍንጫዋን ነፋች።

«ኧረ ምነው እናንተዬ! ሸጋ ዳቦ ይሸተኛል ብየ ስመጣ ምንድን ነው እንዲህ የሚከረፋው?»

እናቴ ነገሩን ነገረቻት። አክስቴ ከንፈሯን መጠጠች፤ ጠላውን ቀምሳ «ይህስ ሸጋ ነው» አለች፤ ከዚያ ብርዱ አጥንቷን እንደሰበረው እየማለች ማድ ቤት ገባች። እናቴ ጓሮ ሆና ማገዶዋን ትፈልጥ ነበር፤ አራተኛውን ዳቦ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ኦቨኑ ሞቆ ነበር። አክስቴ ያችን በርጩማ ከጥግ ጎትታ አወጣችና ከኦቨኑ ፊት አስቀምጣ ቁጭ አለች። ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ ያን የሞላ ጀርባዋን በሩ ላይ ለቀቀችው።

«አክስቴ፣ ተነሽ እንጂ፣ ዳቦውን ማየት አልቻልኩም» አልኳት።

«ዳቦ ስለታየ አይበስል። ተወኝ ልሙቅበት» አለች።

ጥቂት ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ከፊቷ ቆሜ ሽታውን እጠብቃለሁ። ከጓሮ የመጥረቢያ ድምፅ ይመጣል፤ በትንሿ መስኮት የገባው የጠዋት ፀሐይ የአክስቴ ጉልበት ላይ ያረፈ ነበር። ቃጠሎው አሁን መጣ፣ አሁን መጣ እያልኩ ቀረ። በእሱ ፈንታ የዳቦ ሽታ መጣ። ንጹህ የዳቦ ሽታ፣ የልጅነቴ የቅዳሜ ሽታ። አላመንኩም። ሰዓቱ ሲደርስ አክስቴን ትከሻዋን ነካኋት፤ እያቃሰተች ተነሳች።

ልክ እንደተነሳች በሩ «እፍ» እንደሚል ሰው ተነፈሰ። ከላይ በኩል የጣት ያህል ከፈት አለና ትኩስ አየር ፊቴን መታው። በመዳፌ ገፋሁት፤ ገጠመ። ለቀቅሁት፤ ተከፈተ። ደጋግሜ አደረግሁት። ጣቴ ተቃጠለ፤ አልተሰማኝም። በሩን ስቦ የሚይዘው ሞላ፣ ስፕሪንጉ፣ ላልቶ ነበር። ሲቀዘቅዝ ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቃል። ሙቀቱ በላይ በኩል ያመልጣል፤ ኦቨኑ ሙቀት የጎደለው እየመሰለው ታቹን ያለማቋረጥ ያነዳል። ይኸው ነበር። ሦስት ዳቦ ያቃጠልኩት፣ ስቶቩን ብሎን በብሎን የበተንኩት ለዚህ ነበር። ከፈት አድርጌ ዳቦውን አወጣሁ። ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል።

«አባዬም እኮ እዚሁ ነበር የሚቀመጠው» አልኩ። «ወገቡን ሲያመው።»

አክስቴ ጋቢዋን እያራገፈች ዞራ አየችኝ። «ወገቡን? አያ? አያ ደግሞ መቸ ወገቡን አሞት ያውቃል! አምና እንኳ የመጣ ጊዜ ኩንታል እህል ተሸክሞ ያን አቀበት አልወጣም?»

 ዳቦውን በጨርቅ ሸፈንኩት። እጄ ላይ ያለው ሙቀት እስኪበርድ ድረስ እዚያው ቆምኩ። አባቴ ያውቅ ነበር። ሽንኩርት እየላጠ፣ ሰፈሩ እየሳቀበት፣ እኔ አፍሬበት «ውጣ» እያልኩት በጀርባው ዳቦአችንን ሲያበስል ነበር። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። ያን ቀን አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ እናቴ ዳቦው ተቃጥሎ ያለቀስኩ መስሏት «ተወው የእኔ ልጅ፣ በእንጨት እጋግረዋለሁ አልኩህ አይደል» እያለች ከጓሮ ገባች። ዳቦውን ገልጬ አሳየኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። በሩ እንደሚላላና በሰው ጀርባ እንደሚዘጋ አሳየኋት። እሷ ግን የዚያን ሰዓት ሐሳቧ ሁሉ ዳቦው ላይ ነበር፤ «እሰይ፣ እሰይ» ብቻ ነው ያለችው።

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ቄሱ ባረኩ፤ ሙሴው ዳቦውን ራሱ ቆረሰ። ቆርሶ ውስጡን አየ፤ አሸተተ፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ስም መጥራት ጀመረ። የአባቴ ስም ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራው። «አለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። እናቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ዕቃ እንደያዘች ቆማ ትሰማ ነበር፤ ስሙ ተጠርቶ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም። ጽዋው ቀረልን። እስከ ዛሬም በወር አንድ ጊዜ በዚያ ስም እነሳለሁ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ግን እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የተበላሸ ነገር እያየሁ አላልፍም።

በሚቀጥለው ሳምንት አራዳ ወርጄ ልኩ የሆኑ ሁለት ሞላዎች ፈልጌ አገኘሁ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት በሩን ፈታሁ፤ ያረጁትን አውጥቼ አዲሶቹን አስገባሁ። ኦቨኑን አሙቄ እጄን በዙሪያው አስኬድኩ። ትንፋሽ እንኳ አይወጣም። አሮጌዎቹን ሞላዎች በደጃችን እየጮኸ ሲያልፍ ለነበረው ቆራሌው ሰጠሁት። እናቴ ስትመለስ ጠራኋትና በሩን ከፍቼ ለቀቅሁት፤ በራሱ ጊዜ ሄዶ ጥርቅም አለ።

«በቃ» አልኳት፤ «ከእንግዲህ ማንም እዚህ መቀመጥ የለበትም። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።»

እሷም ከፈተችው። ዘጋችው። ደግማ ከፈተችው።

«ግማሽ ሰዓት?» አለች።

«እሱም አልሞላ።»

«አባትህ ይህን ሥራ ያውቀው ነበር?»

«እንዴ እማዬ፣ የሆስፒታሉን የመቀቀያ በር ሁሉ የሚጠግነው እሱ አልነበረም?» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ፤ መጠገን እየቻለ ሳይጠግነው ነው የተቀመጠው።

እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።  ከዚያ ስቶቩ አዲስ የመጣ ሰሞን ዳቦው እንዲሁ ያስቸግራት እንደነበር ነገረችኝ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ልብ አላልኩትም። ሁለት ሳምንት ተቃጥሎባታል። ለአባቴ ስትነግረው «እስቲ ልየው» ብሎ ከፊቱ ቁጢጥ አለ፤ ከፈተ፣ ዘጋ፤ በሩን ዳሰሰ። ምንም አላላትም። በማግስቱ በርጩማዋን ይዞ ገባ።

«ከሆስፒታል ሲወጣ ስንት ሰው ይፈልገዋል» አለች። «አንዱ ፓምፕ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ሬዲዮ። እምቢ ማለት አያውቅም። ዳቦ በሚጋገርበት ቀን ብቻ ‹ወገቤን አሞኛል፣ ነገ ኑ› ይላቸዋል። እኔ ደግሞ እውነት ብርድ የገባው መስሎኝ፣ ‹ተነስ፣ መንገድ ዘጋህብኝ› እያልኩ ስቆጣው ኖርኩ።»

 ከዚያ አሮጌው ሞላ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ለቆራሌው እንደሰጠሁት ነገርኳት።

«ይሁን» አለች።

ኦቨኑ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራ፤ አንድም ዳቦ አላቃጠለም። እናቴ ግን ዳቦውን አስገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ማድ ቤት አትቆይም ነበር፤ ወጥታ ደጅ ትቀመጥና ሰዓቱ ሲደርስ ትገባለች። ብቻዋን ደጅ መቀመጧ አላስችል አለኝ። አንድ ቅዳሜ ኦቨኑን ስታበራ ጠበቅሁና በርጩማዋን ይዤ ገባሁ። ጋቢ አጥፌ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ፤ ነጭ ሽንኩርትም ይዤ ነበር። መላጥ ጀመርኩ። ስለ አንድ የሥራ ማስታወቂያ፣ ስለማላውቀው ሰው፣ ያፌ አመጣሽ ወሬ አወራኋት።

ትንሽ ሰማችኝ። ከዚያ መጥታ ሽንኩርቱን ከእጄ ወሰደች።

«ተነስ የእኔ ልጅ» አለችኝ። «በሩ እኮ አሁን ይዘጋል።»